አራቱ ቀይ ብሎኖች

ብሎኖቹ ቀይ መሆናቸውን ያየሁት ጠዋት ነው። ቀይ የሆኑት አንድ ነገር ሊሉኝ ፈልገው እንደነበር የገባኝ ግን ከሰዓት በኋላ፣ እንግዳችን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከተቀረቀሩ በኋላ ነው። ዕቃ የሚሠራ ሰው ብሎንን ለጌጥ ብሎ ቀይ አይቀባም። የእሳት ማጥፊያው ቀይ ነው፣ የአምቡላንሱ መብራት ቀይ ነው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ መዝጊያ ቀይ ነው። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እቤታችን ውስጥ ቀይ ነገር ባየሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ የሚለው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን ልቤ አስቀድሞ በሌላ ነገር ደንግጦ ስለነበር ለብሎን የሚተርፍ ድንጋጤ አልነበረኝም።

ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን የገዛችልኝ ልጄ ናት። ሁለት ሰዎች እያማጡ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመውት ወጡና መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ካለው ግድግዳ ጋር አስጠግተው አስቀመጡት። “መግጠም ሌላ ዋጋ ነው” አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። ባለቤቴ ሳቀባቸው። እሱ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ በዚህ ምክንያት ውሃ የሚገባበት ዕቃ ሁሉ የሥጋ ዘመዱ ይመስለዋል። “ሁለት ቱቦ ለመግጠም ደግሞ ዋጋ!” ብሎ ሸኛቸውና መመሪያውን ሳይከፍት ቱቦዎቹን ገጠማቸው። ልጄ ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች “እማ፣ እኔ ሳልኖር እጅሽ እንዳያልቅ ብዬ ነው” አለችኝ። ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እጄንም ማሽኑንም አልሰማሁም። የሰማሁት “እኔ ሳልኖር” የሚለውን ብቻ ነው።

ልታገባ ነው። የምታገባው የፊዚክስ መምህር ነው፤ ጨዋ፣ ቀጭን፣ ሲናገር በጣቱ አየር ላይ ክብ የሚሠራ ልጅ። በእሱ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ የት ይኖራሉ የሚለው ላይ ነው። እናቱ በጡረታ የተገለሉ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት አላቸው፤ የላይኛው ፎቅ ባዶ ነው። እኔ ደግሞ የኛው ሕንፃ ምድር ቤት ላይ አንዲት ክፍል ልትለቀቅ መሆኑን ሰምቼ፣ ቁልፉን ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ ጥበቃውን በየቀኑ ሰላም እል ነበር። ያን ቀን ከሰዓት ዳይሬክተሯ ከልጃቸው ጋር ሊጠይቁን ሊመጡ ነበር። ሻይ ለመጠጣት ተባለ እንጂ የሚመጡት ልጄን ወደ ላይኛው ፎቅ ሊያወጧት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሃል ነው የማሽኑን ጀርባ ያየሁት። አራት ቀይ ብሎኖች፣ በእያንዳንዳቸው ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ቀይ ወረቀት። መነጽሬን ስላላደረግሁ ወረቀቷ ላይ ያለው ምን እንደሆነ አልታየኝም፤ የዋጋ ምልክት መሰለኝና ለእንግዳ ያስነውራል ብዬ በመቀስ ቆረጥኳቸው። ከዚያ ብሎኖቹን በጣቴ ነካ ነካ ባደርጋቸው ይዞራሉ። ይዞራሉ! መንገድ ላይ እየተንገጫገጩ ላልተዋል አልኩ። አንዱ ቢፈታ፣ ማሽኑ እየዞረ ቢበታተን፣ ልጄ ቆማ ከሆነ፣ የበረረው ብሎን ዓይኗን ቢያገኛትስ? ፒንሳ አምጥቼ አራቱንም እስትንፋሴን ይዤ፣ አንጓዬ እስኪያመኝ ድረስ አጠበቅኳቸው። ቀና ስል በራሴ ኮራሁ። እኔ ባልኖር ይህ ቤት ምን ይውጠው ነበር እያልኩ ፒንሳውን ወደ ቦታው መለስኩ።

እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀራቸው ባለቤቴ የማንጎ ጭማቂውን ስኳር ልቅመስ ብሎ ብርጭቆውን ሶፋው ላይ ደፋው። አልጮህኩም። ሲብስብኝ አልጮህም፤ ዝም ነው የምለው፤ እሱም ከጩኸቴ ይልቅ ዝምታዬን ስለሚፈራ የሶፋውን ልብስ ራሱ ገፍፎ አመጣልኝ። ብርድ ልብስ የሚያህል ወፍራም ጨርቅ ነው። ብቻውን ማሽኑ ውስጥ ጠቅጥቄ ከተትኩት፣ ዱቄት ጨመርኩ፣ ማዞሪያውን ባለቤቴ “እዚህ ላይ ነው” ወዳለኝ ቦታ አዞርኩት። ማሽኑ ቀስ ብሎ ወደዚህ ዞረ፣ አረፈ፣ ወደዚያ ዞረ፣ አረፈ። እንዲያው የተኛ ሰው ሲገላበጥ ይመስል ነበር። “ድምፁ ራሱ አይሰማም” አለ ባለቤቴ፤ እኔም በሩን ዘግቼ ወጣሁና ረሳሁት።

ዳይሬክተሯ ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት የጣሪያውን ማዕዘን ነው። ሸረሪት ድር የሚፈልጉ መሰለኝ፤ ጠዋት ስለጠረግሁት አላገኙም። ቀጥሎ ሶፋውን አዩ። ያለ ልብሱ ራቁቱን ቀርቶ፣ ድሮ የተቀደደውና በሌላ ቀለም ክር የሰፋሁት ቦታ ፊት ለፊት ይታያል። ልክ እዚያ ላይ ተቀመጡ። ልጄ ከሥራ ቀድማ መጥታ ስለነበር ሻይ ቀዳች፣ ኬክ ቆረሰች። ስለ ደረጃው ብዛት ተወራ። ስለ ሊፍቱ ተወራ፤ ባለቤቴ ሊፍቱ ከተበላሸ ወዲህ የሕንፃው ሰው ጤና እንደተሻሻለ ተናገረ። ስለ ዳቦ ዋጋና ስለ መጠኑ ማነስ ተወራ፤ በዚህ ሁላችንም ተስማማን። ከዚያ ወሬ አለቀ። የማንኪያ ድምፅ ብቻ ቀረ። መምህሩና ልጄ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለቱም የየራሳቸው ስኒ ውስጥ ያያሉ፤ እዚያ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም።

“የላይኛውን ፎቅ ቀለም አስቀብቼዋለሁ” አሉ ዳይሬክተሯ፣ ለማንም እንደማይናገሩ ሆነው።

“ጥሩ አደረጉ፤ ቀለም ቤት ይጠብቃል” አልኩ። “እኛ ታች ያለችው ክፍል ደግሞ ቀለም አትፈልግም። ፀሐይ ይገባታል።”

“ምድር ቤት እርጥበት አለው ይባላል።”

“ላይኛው ፎቅ ደግሞ ለሕፃን ደረጃው ያሰጋል ይባላል።”

ባለቤቴ ሳል አለ። ልጄ ስኒዋን አስቀመጠች፣ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች። ዳይሬክተሯ ጣታቸው ላይ የኬክ ክሬም እንደነካቸው አዩና እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ። መታጠቢያ ቤቱን አሳየኋቸው። ገቡ፤ በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት። እኔ ተመልሼ ከመቀመጤ በፊት መጀመሪያ ሩቅ መንገድ ላይ ከባድ መኪና የሚያልፍ የሚመስል ድምፅ መጣ። መኪናው ግን አላለፈም፤ ወደ ቤታችን ገባ። ማንኪያዎቹ ስኒ ማስቀመጫው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ኬኩ ጠረጴዛው ላይ በትንሽ በትንሹ ወደ ባለቤቴ ተጠጋ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን መደብደብ ጀመረ። በዚህ ሁሉ ላይ ከመታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ስንት ሺህ ተማሪ ያሰለፈ ድምፅ ተሰማ፦

“ቁም! ቁም አልኩህ! አንተን እኮ ነው!”

ማሽኑ የቆመው ባለቤቴ ሮጦ የቤቱን መብራት በሙሉ ሲያጠፋ ነው። በሩ ጋ ስደርስ ፀጥ ብሏል። ከጩኸቱ ይልቅ ፀጥታው አስፈራኝ፤ ወለሉ እርጥብ ነው፣ ሶኬቱ እዚያው ነው፣ ዳይሬክተሯ ልባቸው እንደሚያስቸግራቸው ሰምቻለሁ። በአንድ ትንፋሽ ለቅሶውን፣ የፖሊሱን ጥያቄ፣ ሠርጉ መቅረቱን፣ ልጄ ሳታገባ አርጅታ ስትረግመኝ ሁሉንም አየሁት። ከዚያ መቀርቀሪያው ተከፈተ። በሩ ወደ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ከፈት አለና “ጓ” ብሎ ብረት መታ። በቀዳዳው አንድ ዓይንና ግማሽ መነጽር ታየኝ።

“ደህና ነኝ” አሉ ዓይኑ። “ዕቃችሁ ግን በሩን ይዞ ቆሟል። ከግድግዳው ተነሥቶ፣ ዞሮ፣ እዚህ መጣ። በእግሩ ነው የመጣው።”

መምህሩ በትከሻው ገፋ፤ ንቅንቅ የለም። ባለቤቴ ጨመረለት፤ ሁለቱም ቀሉ እንጂ ማሽኑ አልተነቃነቀም። “ውስጡ ኮንክሪት አለበት እኮ” አለ መምህሩ እያለከለከ። ኮንክሪት! ልብስ በሚታጠብበት ዕቃ ውስጥ ኮንክሪት ምን ይሠራል አልኩ በልቤ፤ ግን ያን ጊዜ የሚገርመኝ ነገር ተራ ይዞ ነበር። ልጄ በቀዳዳው አጮለቀችና “እማ፣ ምን ነበር ያስገባሽው?” አለችኝ።

“የሶፋውን ልብስ።”

“ሌላስ?”

“የሶፋውን ልብስ ብቻ።”

ግንባሯን ያዘች። እሷ ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው፤ ደም በትንንሽ ብልቃጥ እያደረገች፣ ወፍራሙን ከቀጭኑ በሚለይ ማሽን ታሽከረክራለች። “አንድ ብልቃጥ ብቻ ካለን እንኳ ፊት ለፊቱ ውሃ የሞላ ሌላ ብልቃጥ እናስቀምጣለን” አለች። “አለዚያ ማሽኑ ጠረጴዛውን ጥሎ ይሄዳል። አንድ ወገን ከባድ፣ አንድ ወገን ባዶ ሆኖ እንዴት ይዞራል?” እንግዳ መጣ ብዬ ስራወጥ ከሶፋው ልብስ ፊት ለፊት ሌላ የሶፋ ልብስ የት አባቴ አገኝ ነበር? መምህሩ ግን ራሱን ነቀነቀ። “ይንቀጠቀጣል እንጂ በዚህ ብቻ ክፍሉን አያቋርጥም” አለ። “እማዬ፣ ጀርባው ወዳንቺ ዞሯል? ምን ይታይሻል?”

ከውስጥ መነጽር ሲስተካከል፣ ጉሮሮ ሲጠራ ተሰማ። ዳይሬክተሯ ለሰልፍ እንደሚያነቡ ሆነው አነበቡ። “የተለጠፈ ሥዕል አለ። ማሽን ተስሏል። ማሽኑ ላይ አራት ብሎን ተስሏል። ብሎኖቹ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት አለ። ከሥዕሉ አጠገብ አራት ቀይ ብሎኖች አሉ፤ እውነተኛዎቹ። አንዱን በጣቴ ሞክሬዋለሁ፣ ይህን የሰው ልጅ አይፈታውም።” ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። “ማን ነው ያጠበቃቸው?”

ባለቤቴ ጣሪያውን አየ። ልጄ እኔን አየች። መምህሩ ማንንም ላለማየት መሬቱን አየ፤ ጨዋ ነው ብያለሁ። ትምህርት ቤት እያለሁ መስታወት ሲሰበር “ማነው?” ተብሎ ሁላችንም ቆመን የምንጠብቀው ዝምታ ነበር፤ ያው ዝምታ መጥቶ ኮሪደራችን ውስጥ ቆመ።

“እኔ ነኝ” አልኩ። “ሲነኩ ይዞሩ ነበር። ይፈታሉ ብዬ ፈርቼ ነው።”

 ከበሩ ወዲያ ድምፁ መጣ፤ የሰልፉ ድምፅ አልነበረም።

“እኔም ብሆን አጠብቃቸው ነበር” አሉ።

መምህሩ ጣቱ አየር ላይ ክብ መሥራት ጀመረ። ብሎኖቹ ለመንገድ ናቸው አለ። ማሽኑ በመኪና ሲጫን ውስጡ ያለው በርሜል እንዳይማታ ከአካሉ ጋር ያስሩታል፤ ቤት ሲደርስ ግን መውጣት አለባቸው። በርሜሉ በሚለጠጥ የሞላ ሽቦ ተንጠልጥሎ መወዛወዝ አለበት። የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ወደ መሃል የሚስበው ይፈልጋል፤ በርሜሉ የሶፋውን ልብስ ወደ መሃል ይስበዋል፣ የሶፋው ልብስ ደግሞ በተራው በርሜሉን ወደ ራሱ ይጎትተዋል፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ። በርሜሉ ነፃ ከሆነ ትንሽ ይወዛወዝና ያበቃል። “በብሎን ከታሰረ ግን መወዛወዣ ያጣል፤ ስለዚህ ጠቅላላ ቤቱን ይዞ ይወዛወዛል። ይዞት እንዲቆይ ያሰብነው ነገር ነው ያስኬደው” አለ። ስለ ማሽኑ ነው የሚያወራው አልኩ ለራሴ። ስለ ማሽኑ ብቻ ነው። ልጄ ግን እጁን ያዘችው፤ ሲያያት ራሷን ወደ በሩ ነቀነቀችለት።

“አሁን?” አላት በሹክሹክታ።

“አሁን ካልሆነ መቼ? አንዷ ተቆልፎባታል፣ አንዷ ብሎን አጥብቃለች።” ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። “እማ፣ እትዬ፣ ሁለታችሁም ስሙን። ቤት ተከራይተናል። ታችም አይደለም፣ ላይኛው ፎቅም አይደለም። መሥሪያ ቤቴ አካባቢ ነው፤ ከዚህም ሁለት አውቶቡስ ነው፣ ከእርስዎም ሁለት አውቶቡስ ነው። ልንነግራችሁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞክረን አቃተን።”

 ሁለት አውቶቡስ። ሁለት አውቶቡስ ማለት አንድ የመሳሳቻ ቦታ፣ ሁለት የመቆሚያ ፌርማታ፣ ዝናብ፣ ሌባ ማለት ነው። ሁለት አውቶቡስ ማለት ትኩሳት ያዛት ሲባል እስክደርስ ይሻላታል ወይም ይብስባታል ማለት ነው። አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ ግን ቀድሜ አጥፍቼ ስለነበር አፍ አልነበረኝም። በቀዳዳው አየሁ። ያ ዓይን አሁንም እዚያው ነበር፤ ረጥቧል። ወይም ውሃ ተረጭቶበት ይሆናል።

“አልሰማሁም” አሉ ዳይሬክተሯ።

“ሰምተሻል እማዬ” አለ ልጃቸው በቀስታ።

“መብራቱን አብሩት።”

“እማዬ፣ መጀመሪያ ብሎኖቹን—”

“በጣቴ አይፈቱም፣ ፒንሳ በዚህ ቀዳዳ አያልፍም። አብሩት ነው የምለው። ይህ ዕቃ በእግሩ መጥቷል፣ በእግሩ ይመለሳል።”

መምህሩ ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። “ልክ ናት” አለ። “ሲያርፍ አይገፋም፤ ሲዘል ግን ለቅጽበት ይቀላል። እማዬ፣ ሲነሣ ብቻ ግፊው፤ ሲያርፍ ተዪው።” እኔ እንዳይሆን ለመንኩ፣ ኤሌክትሪክ ነው አልኩ፣ እርጥብ ነው አልኩ፣ ልባቸው አልኩ። “ደረቅ ምንጣፍ ላይ ነው የቆምኩት፤ በፎጣ ነው የምይዘው፤ ልቤም ለዛሬ ከዚህ በላይ የሚደነግጥበት የለም” የሚል መልስ መጣ። ባለቤቴ መብራቱን አበራ። ማሽኑ የጀመረውን የማይረሳ ዓይነት ነው፤ ካቆመበት ቀጠለ። መኪናው ቤታችን ውስጥ ተመልሶ ገባ። በጩኸቱ መሃል የዳይሬክተሯ ድምፅ ይሰማል፦ “ሂድ! ሂድ! ወደ ቦታህ! ክሬም ብቻ ነበር የነካኝ! ክሬም! ሁለት አውቶቡስ! ሂድ!” ንዴቱ ጠቀማቸው። የበሩ ቀዳዳ ሦስት ጣት ሆነ፣ መዳፍ ሆነ፣ ክንድ ሆነ፤ መምህሩ እጁን አስገብቶ ሶኬቱን ነቀለው። ዳይሬክተሯ ወጡ። ፀጉራቸው ከአንድ ወገን ተፈትቷል፣ መነጽራቸው ተንጋዷል፣ የኮታቸው እጅጌ ረጥቧል። ሁላችንንም በየተራ አዩን።

“ሻዬ ቀዝቅዟል መሰለኝ” አሉ።

ትኩስ ሻይ ቀዳሁላቸው። ወንዶቹ ፒንሳ ይዘው ገቡ፤ ባለቤቴ በአራት ብሎን ስንት ጊዜ “ይህን ማን ያጠብቀዋል!” እንዳለ መቁጠር ተውኩ። እኔና ዳይሬክተሯ ራቁቱን ሶፋ ላይ፣ የተጣፈው ቦታ መሃላችን ሆኖ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እያንዳንዳችን ብቻችንን የተበደልን ይመስለን ነበር፤ በደሉ ለሁለት ሲካፈል ምን እንደሚባል ግን አላወቅንም። ልጄ ፊት ለፊታችን ቁጭ ብላ ጥፍሯን ትነክሳለች። መምህሩ ብሎኖቹን በመዳፉ ይዞ ሲመለስ፣ ዝምታውን ለመስበር ይሁን ወይ ከልቤ፣ ትምህርት ቤት እያለሁ ያልገባኝን ነገር ጠየቅሁት።

የፊዚክስ አስተማሪያችን ድንጋይ በክር አስሮ ከራሱ በላይ ያሽከረክር ነበር። ከመሃል ገፊ፣ ወደ መሃል ሳቢ እያለ ያስረዳል። አንደኛው ረድፍ ላይ ነበር የምቀመጠው። አንዲት ቃል አልገባችኝም፤ ትምህርቱን ሙሉ ክሩን ነበር የማየው። ይበጠሳል፣ ድንጋዩ ግንባሬ ላይ ያርፋል እያልኩ። “ክሩ ቢበጠስ ኖሮ ድንጋዩ ወዴት ይሄድ ነበር?” አልኩት።

“የት ላይ እንደተበጠሰ ይወስነዋል እናቴ” አለ። “ወደ ውጭ የሚገፋው ነገር የለም። ውስጡ ተቀምጠን አብረን ስንዞር የተገፋን ይመስለናል እንጂ፣ ገፊው የለም። ድንጋዩ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው የሚፈልገው፤ ክሩ ነው በየቅጽበቱ ወደ መሃል እየሳበ የሚያዞረው። ክሩ ከተለቀቀ፣ በዚያች ቅጽበት ፊቱን ባዞረበት በኩል ቀጥ ብሎ ይሄዳል።”

“እየሸሸ አልነበረም ማለት ነው?”

“ከማን ይሸሻል? መንገዱን ነው የሚሄደው።”

ዳይሬክተሯ ስኒያቸውን አስቀመጡ። “እኔም እስከ ዛሬ የሚሸሽ ይመስለኝ ነበር” አሉ። ልጄ ጥፍሯን መንከስ አቆመች። አንድ ቃል ቢጨመር ኖሮ አለቅስ ነበር፣ ሳለቅስ ደግሞ አፍንጫዬ ይቀላል።

ከዚያ ሁላችንም ተሰልፈን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆምን። መምህሩ የሶፋውን ልብስ ከሁለት ከባድ ፎጣ ጋር አሰራጭቶ መልሶ ከተተው። ዳይሬክተሯ በማሽኑ አናት ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጡ፤ ሊፈትኑት ነው። ማሽኑ ዞረ፣ ፈጠነ፣ አፏጨ። በመስታወቱ ውስጥ ጨርቁ ክብ ሆኖ ከበርሜሉ ጋር ተጣብቆ ይታያል፤ ውሃው ብቻ በየቀዳዳው እየወጣ መንገዱን ይሄዳል። ብርጭቆው ላይ ያለው ውሃ ተንቀጠቀጠ፣ አልፈሰሰም። ባለቤቴ አጨበጨበ። መምህሩ ብሎኖቹን እጄ ላይ አስቀመጣቸው። “አይጣሉ” አለኝ። “ማሽኑ ቤት ሲቀይር ያስፈልጋሉ። ለመንገድ።” የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው።

መሽቶ ሊሄዱ ሲሉ ዳይሬክተሯ በር ላይ ቆመው ልጄን ከላይ እስከ ታች አዩአት። “የተከራያችሁት ቤት” አሏት፣ “የበሩ ቁልፍ እንዴት ነው?”

“ቁልፍ ነው እትዬ። ይቆልፋል።”

“ስንት ዙር?”

ልጄ አታውቅም። ዳይሬክተሯ ወደ እኔ ዞሩ፣ እኔም ወደ እሳቸው። መኝታ ቤት መስኮቱ ፍርግርግ እንዳለው፣ ደረጃው ላይ መብራት እንዳለ፣ ታች ማን እንደሚኖር ማንም አልጠየቀም እኮ።

“ቅዳሜ ይመችሻል?” አሉኝ። አንቺ ነበር ያሉት።

“ይመቸኛል” አልኩ። “ማለዳ ብንሄድ። ከየት ትነሺያለሽ? እኔ መቀየሪያው ፌርማታ ላይ ልጠብቅሽ፤ እዚያ ሰው ይሳሳታል።”

“ፒንሳውን ይዘሽ እንዳትመጪ ብቻ።”

መምህሩና ልጄ ተያዩ፤ ያመለጡ መስሏቸው ወጥመድ ውስጥ እንደገቡ ሰዎች። ሁለታችንን ለማራቅ ሁለት ሁለት አውቶቡስ ርቀው ነበር፤ አሁን ሁለታችንም አብረን ልንመጣባቸው ነው።

ልጄ እንግዶቹን ፌርማታ ድረስ ልትሸኝ ወጣች። ሰፋ ያለ ጊዜ ወሰደባት። እኔ እስክትመለስ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ስቤ እጠብቃለሁ፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ከገባች በኋላ ቁልፉን ሁለት ዙር አዞራለሁ፣ እጀታውን ሳብ አድርጌ እሞክራለሁ፣ ጥቂት ራመድ ብዬ ተመልሼ ደግሜ እሞክራለሁ። ባለቤቴ “በሩ ራሱ ሰልችቶታል” እያለ የሚሳለቅብኝ በዚህ ነው። በመጨረሻ የደረጃው ላይ ኮቴዋ ተሰማ፤ እየተጣደፈ አይደለም፣ እያዘገመም አይደለም። ገባችና ግንባሬን ሳመችኝ፣ “አልተቆጣሽም አይደል?” አለችኝ። “ሂጂ ተኚ” አልኳት። የሶፋውን ልብስ ሰገነቱ ላይ ተሰጥቶ ስታየው ለብቻዋ ሳቀች።

ቁልፉን አንድ ዙር አዞርኩት። “ቀጭ” አለ። እጄ ለሁለተኛው ሲዘጋጅ ኪሴ ውስጥ ብሎኖቹ ተንቃጨሉ። ቆምኩ። ከዚያ ቁልፉን ለቅቄ፣ እጀታውንም ሳልነካ፣ መብራቱን አጥፍቼ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ።

ባለቤቴ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ተኝቷል። ዓይኑ ግን ክፍት ነው።

“አንድ ጊዜ ነው የሰማሁት” አለ።

“ይበቃል።”

“እሺ” አለ። ዞሮ ተኛ። ተመልሶ ዞረ። ጣሪያውን አየ። እኔ ብሎኖቹን ከኪሴ አውጥቼ ኮመዲኖው ላይ ደረደርኳቸው፣ አጠገቡ ጋደም አልኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልጋው ተንቀሳቀሰ። ነጠላ ጫማው መሬቱን እየጎተተ በኮሪደሩ ሄደ፤ ሌባ እንደሚራመድ ሊጠነቀቅ እየሞከረ። ልጄ ከክፍሏ ሆና ሳቋን በትራስ ስታፍን ይሰማኛል።

“ቀጭ” አለ በሩ። ሁለተኛው ዙር።